አምስተኛው ጠጠር

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንጨቱ እጅዎን፣ ብናኙ ደረትዎን እየማረ አሰንብቶልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። የአክስቴንም ጉልበት ይማርልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱን ለምጄዋለሁ፣ ጉንፋኑም እኔን ለምዶኛል።

ባለፈው "ለመሆኑ ሥራሽ ምንድነው?" ብለው ጠይቀውኝ "ጨዋታ መሥራት" ብዬ ብጽፍልዎ "ጎሽ፣ ሰው ይልፋ አንቺ ተጫወቺ" ብለው ስቀውብኛል። ይሳቁ። ከአንድ ማተሚያ ቤት ፎቅ ላይ ባለች ክፍል ሰባት ሆነን ነው የምንሠራው። አንዱ ሥዕሉን ይሥላል፣ አንዷ ታሪኩን ትጽፋለች፣ እኔ ሕጉን አወጣለሁ። ልጅ እያለሁ ለድብብቆሹም ለእቃቃውም ሕግ እያወጣሁ ሳስቸግር "ዳኛዋ" ብለው ስም ያወጡልኝ እርስዎ አይደሉ? ይኸው መተዳደሪያዬ ሆነ።

ሰው የሰሌዳ ጨዋታ ሲገዛ የሚገዛው ሥዕሉንና ታሪኩን ነው። ሲጫወት ግን ውሎው ከሕጉ ጋር ነው። ታሪኩ "አንተ ንጉሥ ነህ" ብሎት፣ ሕጉ በየተራው ከጎረቤቱ አንድ ጠጠር እንዲለምን ቢያደርገው፣ ሰውየው ዘውድ ደፍቶ ለማኝ ለማኝ ይሸተዋል። ለምን እንደሆነ ግን አያውቀውም። ሥራዬ ይኼ ነው፤ ታሪኩና ሕጉ አንድ ነገር እንዲናገሩ ማድረግ።

ዘጠኝ ዓመት የሌላ ሰው ጨዋታ ሳስተካክል ኖሬ አሁን የራሴ ተራ ደረሰ። ታሪኩ ወንዝ ዳር ስላለ ቤት ነው። ጎርፍ ይመጣል፣ አራት ልጆች በመሰላል ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ከየት እንዳመጣሁት አልነግርዎትም፤ ያውቁታል። የሞካሪዎች ሪፖርት ጥሩ ከሆነ እስከ ሚያዝያ ይታተማል።

እኛ ዘንድ "የዕውር ሙከራ" የሚባል አሠራር አለ። ሞካሪው የተጻፈውን ሕግ ብቻ አንብቦ ይጫወታል። ሕግ አውጪው አጠገቡ አይቀመጥም፣ አያስረዳም። ሞካሪው ያየውን ሁሉ ይጽፋል፤ ቢጣሉም መጣላታቸውን ይጽፋል። እርስዎ እንዲሞክሩልኝ እፈልጋለሁ። ሰሌዳውንና ሕጉን ልኬያለሁ፤ ጠጠሮቹን እዚያው ከእንጨት ይጥረቡልኝ። አራት ልጆች፣ ሌላ ምንም።

እማዬ ግን እንዳታየው አደራ። ትንሹ ወንድሜ ጩጬ በዚያ ጎርፍ ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው፣ ዛሬም ሲነጋ "የዕቃ ቤቱን በር ቀርቅሬ የወጣሁት እኔ ነኝ፣ ውስጥ መተኛቱን ሳላይ" እያለች ነው የምትነሳው። በሕመሟ ላይ ይኼን አልጨምርባትም።

የእህትዎ ልጅ፣ ዳኛዋ


ኅዳር 20 ቀን

ለዳኛዋ፣ ለእህቴ ልጅ፤

የሰው አገር ብርድ አይድፈርሽ፣ የነካሽው ይባረክልሽ፣ ክፉ አይይሽ። አክስትሽ ጉልበቷን ረስታ ስላንቺ ነው የምታወራው።

መልሴ ዘገየ። የአንድ ትምህርት ቤት አርባ ወንበር ይዤ ነበር። ሠላሳ ዘጠኙ ቆመዋል፣ አንዱ እስካሁን ያነክሳል።

ልጆቹን በወንበሩ ትራፊ ጠረብኳቸው፤ አውራ ጣት አውራ ጣት ያክላሉ። ጨርሼ ብደረድራቸው አምስት ሆኑ። ወረቀትሽን መለስ ብዬ ባየው አራት ይላል። እጄ ምን ያድርግ፤ የእናትሽን ልጆች ጥረብ ሲባል የሚያውቀው አምስት ነው። ትንሹን መጣል አልሆነልኝም፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩት።

እኔ፣ አክስትሽና "መቀስ" የምንለው ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካይ ሆነን ተጫወትን። መቀስን አታውቂውም፤ ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ዳማ የሚጫወት፣ የሰው ግማሽ ራስ ላጭቶ የሚያስጠብቅ ሰው ነው። ሕግሽን ሁለት ጊዜ አነበበልን። ውሃው ከወንዙ በኩል ዕቃ ቤት ይገባል፣ ከዚያ ወደ ኮሪደሩ ይመጣል። መሰላሉ በአንድ ዙር አንድ ልጅ ብቻ ያወጣል። ስድስተኛው ሕግ ደግሞ፣ ውሃ ዕቃ ቤት ከገባ በኋላ በሩን ከኮሪደሩ በኩል መቀርቀር ይቻላል፣ ውሃውን ለሦስት ዙር ያቆመዋል፣ አንዴ ከተቀረቀረ ግን አይከፈትም ይላል።

ቀረቀርን፣ አራቱም ወጡ። ደገምን፣ ቀረቀርን፣ አራቱም ወጡ። በሦስተኛው መቀስ ተነጫነጨ። ማን ሞኝ ነው የማይቀረቅረው አለ። ዋጋ የማያስከፍል ነገር ምርጫ አይባልም፤ ይህ ሕግ የወጣው እዚያ ክፍል ውስጥ አንድ ነገር ስላለ ነው፣ የእህትህ ልጅ ማስቀመጡን ረስታዋለች አለ። ከዚያ ትርፉን ጠጠር ከጠርዙ አንስቶ ዕቃ ቤቱ ጥግ አደረገው።

እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም፤ መቀስም ስለ ቤታችን የሚያውቀው ነገር የለም። ትርፍ ልጅ አየ፣ ባዶ ክፍል አየ፣ አገናኛቸው። ከዚያ በኋላ ሳቁ ቀረ። አክስትሽ መቀርቀሪያውን አልነካም አለች። ሁላችንም ሰጠምን። ሻይ እንኳ ሳይቀርብ ተበታተንን።

ሌላው፣ እናትሽ ከሰኞ ጀምሮ እኛ ጋ ናት። ልቧ ደክሟል፣ ሐኪሙ ብቻዋን አትደር ብሏል። ሰሌዳውን ከመጋዞቹ ኋላ ደብቄዋለሁ።

አጎትሽ


ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰዓት ነው የምመልሰው። አራት ብዬ ነበር። በዕውር ሙከራ ከተጻፈው ውጪ ጠጠር አይጨመርም። እንዲህ ከሆነ ሪፖርትዎን ላቀርበው አልችልም፤ አይቀየሙኝ።

እዚህ ያሉት ሞካሪዎችም እንደ መቀስ ነው ያሉት። አለቃዬ ስድስተኛውን ሕግ አውጪው፣ ምንም አይሠራም ይላል። እሺ እላለሁ፣ ጠዋት ስገባ ግን ተመልሶ ተጽፎ አገኘዋለሁ። የምጽፈው እኔው ነኝ፤ መቼ እንደምጽፈው ግን አላስታውስም። ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ የሚሞክረው ሰው ሁሉ ተራውን ሲጨርስ ዓይኑ ያችን ባዶ ክፍል አንዴ ሳያይ አይነሳም።

ስለዚህ ታሪኩን ቀየርኩት። ቤትም የለ፣ ልጅም የለ። መርከብ ነው፤ አራት አይጦች ወደ ምሰሶው ይወጣሉ። ዕቃ ቤቱ የእህል ጎተራ ሆኗል። ሥዕሉ ያስቃል፤ አንዷ አይጥ መነጽር አድርጋለች። ሕጉ ግን ያው ነው። አዲሱን ሰሌዳ ልኬያለሁ፤ አራት አይጥ ይጥረቡልኝና በዚህ ይሞክሩልኝ።

አምስተኛውን ጠጠር ያቃጥሉት። እባክዎ ጋሼ።

እማዬ ስለ ልቧ ምን ትላለች? መድኃኒቱን በሰዓቱ ትወስዳለች? ይጻፉልኝ።

ዳኛዋ


የካቲት 16 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ፣ ልብሽ ይረፍ። ዘንድሮ ያንቺን የልብ ዕረፍት ነው አብዝቼ የምለምነው።

ሁለት ወር ተኩል ዝም ያልኩሽ ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ። አናጢ ነኝ፣ የተጣመመ ነገር እያየሁ ዝም ማለት አልችልም እያልኩ ስኩራራ ኖሬ፣ በአንድ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ብያለሁ።

መጀመሪያ ሪፖርቱን ልስጥሽ። አይጦቹን ጠረብኩ። ባለመነጽሯ አፍንጫዋ መቀስን መሰለች፣ እሱም አልተቀየመም። አራቱን ደርድረን ስንጀምር እናትሽ ከመኝታ ተነስታ መጣች። ምን ላድርግ፣ አይጥ ነው፣ መርከብ ነው ብዬ ተውኩ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ውሃው ሲገባ፣ አይጦቹ ሲሮጡ አየች። መቀስ መቀርቀሪያውን ሊዘጋ እጁን ሲዘረጋ "ጩጬስ?" አለችው።

በቃ፣ ይኼንኑ ብቻ ነው ያለችው። አክስትሽ ይዛት ገባች።

አየሽ፣ ታሪኩን መርከብ አልሽው፣ አይጥ አልሽው፣ መነጽር አደረግሽለት። ሕጉ ግን ለዚያ ልጅ ቦታ ይዞ ይጠብቀዋል። ከዚያ ወዲህ የቤቱን ሰሌዳ በሜትር ለካሁት። ያንን ቤት የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ከመሰላሉ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ጆንያዎቹ ስንት እርምጃ እንደሆነ አውቃለሁ። አንዲት ካሬ አልሳትሽም። ስድስት የሚለው ስድስት ነው። ልጅ ሆነሽ የወጣሽበትን ቤት እንዲህ አድርጎ ማስታወስ የጤና አይደለም።

አሁን የኔን ስሚ። ውሃው የጎደለ ዕለት ያንን በር የከፈትኩት እኔ ነበርኩ። መቀርቀሪያውን ስስበው በብረቱና በቀለበቱ መካከል የጎርፍ ገለባ ተጨፍልቆ አገኘሁ። በሩ ጠዋት በደረቁ የተዘጋ ቢሆን ያ ገለባ እዚያ ውስጥ አይገባም። ውሃው ከመጣ በኋላ፣ በእርጥብ እጅ ነው የተዘጋው። ገለባውን ኪሴ ከተትኩት። እናትሽ "እኔ ነኝ ቀርቅሬ የወጣሁት" ብላ ስትጮህ አንቺ ግድግዳውን ተደግፈሽ ቆመሽ ነበር። አየሁሽ። ልጅ ነሽ ብዬ ተውኩት፣ ነገ እጠይቃታለሁ አልኩ። ነገ ሲባል ይኸው ሸበትኩ።

እናትሽ ጠዋት ዘጋሁት ትላለች። በየቀኑ ትዘጋው ስለነበር ያን ቀንም የዘጋችው ይመስላታል። ስድስተኛው ሕግሽ ደግሞ "ውሃ ከገባ በኋላ" ይላል። ጠጠሩን አላቃጠልኩትም። የማን እጅ እንደሆነ አንቺው ንገሪኝ።

ሐኪሙ ልቧ ክረምቱን መሻገሩን እንጃ ብሏል። ዕወቂው ብዬ ነው።

አጎትሽ


ሚያዝያ 9 ቀን

ይድረስ ለአጎቴ፤

ሰላምታዬን ከመጨረሻው ያግኙት፤ አሁን ከጀመርኩት ሌላው ይጠፋብኛል።

የኔ እጅ ነው።

ድብብቆሽ እየተጫወትን ነበር። ፈላጊዋ እኔ ነኝ፣ ሕግ አውጪዋም እኔ። ሳይገኝ የወጣ ተሸነፈ፣ ነገም አይጫወትም ብዬ ነበር። ጩጬ ዕቃ ቤት፣ ከጆንያዎቹ ኋላ ገብቷል። እዚያ መኖሩን አውቄያለሁ፤ የአራት ዓመት ልጅ ሲደበቅ ይስቃል። ሆን ብዬ ሌሎቹን አስቀድሜ ፈለግኩ፣ ትንሽ ደስ ይበለው ብዬ።

ውሃው በወንዙ በኩል ያለውን የዕቃ ቤቱን የኋላ በር ገንጥሎ ሲገባ ሦስቱ ታናናሾቼ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። በኮሪደሩ በር በኩል ጩጬን አየሁት። ጆንያው ላይ ቆሟል። "ልውጣ?" አለኝ። ጋሼ፣ ሊሸነፍ ስላልፈለገ ፈቃድ ጠየቀኝ። ውሃው ጉልበቴ ደርሷል፣ ትንሿ እህቴ ወድቃ ውሃ እየጠጣች ነው። "ቆይ" አልኩት። በሩን ገፋሁ፣ መቀርቀሪያውን ሳብኩ። ሦስቱን አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ስመለስ በሩ አልነቃነቅ አለኝ። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አልጽፍልዎትም። ዛሬም እዚህ አገር ሰው በር ሲያንኳኳ አልከፍትም፤ ስልክ ደውሎ ነው የሚገባው።

እማዬ "እኔ ነኝ" ስትል፣ እውነት እሷ ናት ብዬ ለማመን ፈለግኩ። አንድ ቀን ዝም ካሉ ሁለተኛው ቀን ይቀላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት።

ጨዋታውን ለምን እንደሠራሁት ልንገርዎት። ታሪክ ማውራት እችል ነበር፤ ታሪክ ግን እንደ ተናጋሪው ይጣመማል። በታሪክ እኔ አንዴ ጀግና፣ አንዴ ነፍሰ ገዳይ እሆናለሁ፤ ሁለቱም አያሳርፉኝም። በሕግ ግን እርምጃው ስድስት ከሆነ ስድስት ነው። ቤቱን እንደነበረ፣ ውሃውን እንደነበረ፣ መሰላሉን እንደነበረ አድርጌ አምስቱንም የሚያድን አካሄድ አለ ወይ ብዬ ልፈትሽ ነው የጀመርኩት። ከሺህ ጊዜ በላይ ብቻዬን ተጫውቻለሁ። ሮጬ ልግባ፣ ተሸክሜው ልመለስ፣ ታናናሾቼን ላስቀድም፣ ላስከትል። አላገኘሁም። ከዚያ አምስተኛውን አንስቼ፣ ሌላውን በሥዕል ሸፍኜ፣ ለሰው ላጫውተው ሞከርኩ። መቀስ ምን ዓይነት ሰው ነው? ልመርቀው ልርገመው አላውቅም።

አለቃዬ አሁን ሁሉንም ሰምቷል። ክፉ ሰው አይደለም። አምስተኛውን መልሺው፣ ጨዋታው ነፍስ ዘርቶበታል አለኝ። ግን ማንም የማያሸንፈው ጨዋታ አይሸጥም፣ ዕቃ ቤቱ ውስጥ አንድ ገመድ አስቀምጪ፣ በገመድ ይጎተታል፣ አምስቱም ይተርፋሉ አለ። አንድ መስመር ብቻ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጽፈው እያልኩ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ብጽፈው ጩጬ ቢያንስ በሰሌዳው ላይ ይተርፋል። አይደለም?

ይኼን ደብዳቤ ለእማዬ ያንብቡላት። ልቧ የሚችለው ከመሰለዎት ነው። ካልመሰለዎት ያቃጥሉትና እኔን ይውቀሱ። ሁላችሁንም ሰላም በሉልኝ፤ ይኸው ሰላምታዬ እዚህ ደረሰ።

ዳኛዋ


ሚያዝያ 30 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ዕድሜሽ ይርዘም፤ ቀሪው ዘመንሽ ካለፈው ይቅለልሽ።

ደብዳቤሽን ዘጠኝ ቀን በመሣሪያ ሳጥኔ ይዤው ዞርኩ። ባነብላት ትሞትብኛለች፣ ባላነብላት ያልሠራችውን ተሸክማ ትሞታለች። በመጨረሻ አክስትሽ "የምትፈራው ለእሷ ነው ለራስህ?" አለችኝ። አነበብኩላት። ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቃል ሳልዘል።

እንደ ሕጋችሁ ያየሁትን ሁሉ እጽፍልሻለሁ።

እናትሽ አላለቀሰችም። "ልውጣ?" ያለውን ድገምልኝ አለች፤ ደገምኩላት። ከዚያ ሰሌዳውን አምጣ አለች። አይጡንና መርከቡን አልፈልግም፣ የቤቱን አለች። አመጣሁ። አምስቱንም ልጆች እሷው ደረደረች፤ ጩጬን ቦታው አደረገችው። አትንገሩኝ ብላን ብቻዋን ተጫወተች፤ ሕጉን እያነበብኩላት፣ ጠጠሩን እሷ እየገፋች።

በመጀመሪያው አንቺን ዕቃ ቤት ላከችሽ። ጩጬን አንስተሽ ስትመለሺ ውሃው ኮሪደሩ ላይ ያዛችሁ፤ ሦስቱም መሰላሉ ሥር ቀሩ። በሁለተኛው ሦስቱን አስቀድማ ሞከረች። አንዷ ስትወጣ ሌሎቹን ውሃ ወሰዳቸው። ሦስተኛው ሁለት ሰዓት ፈጀባት። መቀስ መጥቶ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። አምስቱም ሰጠሙ።

በአራተኛው መቀርቀሪያውን ያዘች። ላግዝሽ ብላት ገፋችኝ። በራሷ እጅ ዘጋችው። አራቱን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። ከዚያ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። "ስንት ዓመቷ ነበር?" አለችኝ። አሥራ አንድ አልኳት። "እኔ በሰባ ዓመቴ አራት ጊዜ ሞክሬ ነው። እሷ አንድ ጊዜ ነው የተሰጣት" አለች።

እንዳላታልልሽ፣ ሁሉም ነገር በዚያ አላለቀም። ስለ በሩ በልጄ ላይ ምንም ቂም የለኝም ብላለች። ስለ ዝምታው ግን አላት። ሠላሳ አንድ ዓመት ዝም ማለትሽን በደብዳቤ ይቅር አልልም፣ መጥታ ፊቴ ቁማ ትጠይቀኝ፣ እኔም አስብበታለሁ ነው ያለችው። ስለ ገለባው ስነግራት ደግሞ እኔን ሦስት ቀን አላናገረችኝም። ምግቤን በአክስትሽ በኩል ነበር የምትልክልኝ። ይገባኛል። ሁለታችንም አንድ ወንጀል ነው የሠራነው።

ጠዋት ስትነሳ እንደ ድሮው "እኔ ነኝ" አላለችም። ምንም አላለችም። እኔና አክስትሽ ኩሽና ቆመን ጠበቅን፣ ዝም። ይኼ ከለመድነው ይበልጥ አስፈራን። በአራተኛው ቀን ስለ ጩጬ አወራች፤ ሲስቅ ትከሻው እንደሚንቀጠቀጥ። ከቀበርነው ወዲህ ስለ ሳቁ ስታወራ የመጀመሪያዋ ነው።

አለቃሽ ጻፊ ያለሽን ገመድ ነገርኳት። እኔ ደግ ሐሳብ መስሎኝ ነበር፤ ቢያንስ ሌላ ሰው ቤት ተጫውቶ ያድነው ብዬ። ተቆጣች። ከታመመች ወዲህ እንዲህ ድምፅ ስታወጣ አልሰማኋትም። ሰሌዳውን በመዳፏ መትታ፣ ቃል በቃል ጻፍልኝ ብላ ያስጻፈችኝን ነው የምልክልሽ፦

"ያ ጨዋታ ማሸነፊያ ካለው፣ ልጄም ማሸነፊያ ነበራት ማለት ነው። ማንም እንዳይነካው። እዚያ ቤት ውስጥ ገመድ አልነበረም በላት።"

አጎትሽ